ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ ሕመም

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ገብሱ ደርሷል። ሙላቴ ነገ አጨዳ እንጀምራለን ብሎ ማጭዱን ሲስል ዋለ። ብርቱካን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የተረፈ ደብተር አመጣችልኝ፣ የድሮው አልቋል። እማዬ፣ ግን ምን ትጽፊበታለሽ አለችኝ። ምን እጽፋለሁ… የዋልሁበትን። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁትን እጄ እንዳይረሳው ብዬ ነበር የጀመርሁት። አሁን ሳልጽፍ ስውል ቅር ይለኛል።

ጥላዬ ከቆላ ከደወለ ስምንት ቀን ሆነው። የሰሊጡ አጨዳ እያለቀ ነው፣ ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁ ብሎ ነበር። ስልኩ አይሠራም። ኔትወርክ ነው ይላል አባቱ። እኔም ኔትወርክ ነው ብያለሁ።

ጥቅምት 28

ጠዋት ነገሩኝ። ልጄ ሞቷል።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነው እስክሪብቶ የያዝሁት። ትናንት ሚካኤል ነበር። የሚመጣበት ቀን።

ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሙላቴ ከፈተ። የእድር ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ይርጋ፣ ከኋላቸው ከድጃ። ከድጃ ጎረቤቴ ናት፣ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። በዚያ ሰዓት የሱቋን ደጅ ስትጠርግ ነው የማውቃት። ከሽማግሌ መሀል ቆማ ሳያት አወቅሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ወደ ኋላ ስሄድ የመደቡ ጠርዝ ላይ በወገቤ ወደቅሁ።

ወባ ነው አሉ። ሦስት ቀን ታሞ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ማምጣት አልተቻለም፣ እዚያው ቆላ ቀበሩት። ንስሐ ሳይገባ፣ ሳይቆርብ… ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ምን ኃጢአት አለው? አንዳንዴ ይዋሻል። ወጥ ከድስቱ ሰርቆ በልቶ ድመቷን ያሳብባል። ይህ ይቆጠራል?

መምሬ ይርጋን ለመንኋቸው። እኔ ለሱ ልስገድለት አልኋቸው። እስከ አርባው ድረስ በየቀኑ አሥራ ሁለት ስገጂ፣ ይበቃል አሉኝ።

አርባ አንድ ነው የምሰግደው። አልነገርኋቸውም።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ትናንት አርባው ወጣ። ሰው መጣ፣ በላ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። መምሬ ይርጋ ሲወጡ በይ እንግዲህ ቀኖናሽን ጨርሰሻል አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው አርባ አንዴ ሰገድሁ። ባቆም ማን አለው? እዚያ ቆላ መቃብሩ ላይ ሻማ የሚያበራለት እንኳ የለም።

ወገቤ አልተሻለኝም። ከግራ ዳሌዬ ተነሥቶ በእግሬ ኋላ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይወርዳል። ከተቀመጥሁበት ስነሣ ብርቱካን ታየኛለች። እንዳላየኋት ሆኜ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ታኅሣሥ 16

ስልኬ ላይ ድምፁ አለ። መስከረም ላይ የላከው። "እማ፣ ስልኩ ሲጮህ አረንጓዴዋን ነው የምትነኪው፣ ቀይዋን አይደለም። ይኸው አራተኛ ጊዜ ዘጋሽብኝ። ባለሥልጣን እንኳ እንዲህ አይዘጋም።" ከዚያ ይስቃል። ጓደኞቹም ከኋላ ይስቃሉ።

ዛሬ ስድስት ጊዜ ሰማሁት። እየሳቅሁ ነው የሰማሁት። ያሳፍራል? ሐዘንተኛ ናት እየተባለ…

ታኅሣሥ 22

ሙላቴ አንበሳሜ ገበያ ሄዶ ስሙ የተጠራ ወጌሻ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ደረቅና ሙቅ። ወገቤን ዳሰሱ። የእግሬን አውራ ጣት ወደ ላይ አንሺ አሉኝ። የቀኙ ተነሣ፣ የግራው ዘገየ። ደጋግመው አዩት። የወለቀ እመልሳለሁ፣ የተሰበረ አስራለሁ፣ ይህ ግን ከነርቩ ነው፣ ብነካው አበላሸዋለሁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት አሉ። ምሳቸውን በልተው ሄዱ።

ሙላቴ ተናደደ። ያን ሁሉ መንገድ ለሽሮ ነው የመጡት አለ። እኔ ግን አከበርኋቸው። አላውቅም የሚል ሰው ስንት አለ?

ሐኪም ቤቱን ግን ነገ ዛሬ እያልሁ ነው። ሐኪም ቢያየኝ ምን እንደሚከለክለኝ አውቃለሁ።

ጥር 7

ከከድጃ ጋር ወንዛዬ ነን፣ ፍል ውሃው። የሷ ጉልበት፣ የኔ ወገብ። ሐሙሲት ላይ ከሚኒባስ ስንወርድ ሁለታችንም ተጣመን ቀረን። ረዳቱ እናቶቼ፣ ልሸከማችሁ እንዴ ቢለን፣ ከድጃ "መጀመሪያ ሱሪህን ከፍ አድርግ" አለችው። ከመርዶው ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ውሃው ደግ ነው። እስከ አንገቴ ስገባ ወገቤ ይላላል። ስወጣ ደግሞ ይመለሳል። ዛሬ ውሃው ውስጥ ሆኜ አለቀስሁ። ከድጃ አላባበለችኝም። ጀርባዬን እያሸች አጠገቧ ካለችው ሴትዮ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራቷን ቀጠለች። እንዲህ ዓይነት ወዳጅ ነው የሰጠኝ።

የተከራየነው ክፍል አንድ ነው። ጠዋት እሷ ወደ ቂብላዋ፣ እኔ ወደ ምሥራቅ። ጨርሳ ምንጣፏን ስትጠቀልል እኔ ገና ሃያኛው ላይ ነበርሁ። ቁጭ ብላ ቆጠረችልኝ። ስጨርስ፣ "ፈንታነሽ፣ የኛው ሶላት በመሀል ያስቀምጠናል። ያንቺ ማረፊያ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ለማንም እንዳትነግሪ አልኋት። አልነገርም አለች፣ ግን ፊቷ አላማረኝም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ብርቱካን እምቢ ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ ከዚያ እመቤት ወደምትባል ልጅ ላከኝ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ። ቀጭን ናት፣ እጇ ግን ብርቱ። ምንጣፍ ላይ አስተኝታ ሆድሽን ወደ ውስጥ፣ ጉልበትሽን ወደ ላይ… ሳይሆን፣ ሆድዎን፣ ጉልበትዎን ነው የምትለው። በጣም ታከብረኛለች።

ያስረዳችኝን ልጻፈው፣ እንዳልረሳው። የጀርባ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። የኔው ሾልኮ ወጥቶ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ብዙው ሰው ሳይቀደድ ይድናል። መጀመሪያ መድኃኒትና እንቅስቃሴ ለስድስት ሳምንት። ካልሆነ ወገብ ላይ የሚሰጥ መርፌ አለ። እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ቀዶ ጥገና።

በየቀኑ ሕመሙን ከአሥር ቁጥር ሰጥተው ይጻፉልኝ አለች። ከአሥር ስንት…

"የወገቡን ብቻ ነው?" አልኋት።

"የወገቡን ብቻ፣ እማማ። ለሌላው ቁጥር የለንም።"

ወደድኋት። ስለ ስግደቱ ግን አልነገርኋትም። ከባድ ነገር ያነሣሉ ወይ ስትለኝ አላነሣም አልሁ። ውሸት አይደለም። ምን አነሣለሁ? ራሴን ነው የማነሣው።

ጥር 18፣ እሑድ

4።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

7።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስተርእዮ ማርያም። 5። ጥላዬ ለዚች ቀን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይወጣና ማታ አረንጓዴ ሆኖ ይመለስ ነበር። ሣር ላይ ነው የሚውለው። ሳጥብ ስራገም…

ጥር 23፣ ዓርብ

8።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

9። የነነዌ ጾም ዛሬ አለቀ። ሦስቱንም ቀን እጥፍ አድርጌ ሰገድሁ፣ ሰማንያ ሁለት። እመቤት የሰጠችኝን እንቅስቃሴም ሠራሁ። እሷ የምታክመውን እኔ ጠዋት ጠዋት አበላሸዋለሁ መሰለኝ። አውቃለሁ። ግን ወገቤ የኔ ነው፣ እሱ ደግሞ ከኔ በቀር የለውም።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከድጃ ከኋላዬ ጠራችኝ። በእጇ ነጠላ ጫማ ይዛለች። የኔ ነው። ከግራ እግሬ ወልቆ አልታወቀኝም። በባዶ እግሬ ስንት እርምጃ እንደሄድሁ እንጃ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ከእመቤት ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ደብተሩን ማሳየት ስላልፈለግሁ ቀንና ቁጥሩን ብቻ በወረቀት ገልብጬ ወሰድሁ። ብርቱካን አብራኝ ነበረች።

እመቤት ወረቀቱን ብዙ አየችው። እስክሪብቶ አነሣችና አንዳንዱን ቀን ከበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ይህ ሕመም ቅዳሜና እሑድ ያርፋል።"

ነጠላዬን አስተካከልሁ።

"ጥር ሃያ አንድም አርፏል። ሃያ ዘጠኝም። ሰኞ ጠዋት እንደገና ይነሣል።" እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ስንት ነው የሚሰግዱት?"

በሰንበትና በበዓል ስግደት እንደሌለ እሷም እንደኔ ታውቃለች። አንገቷ ላይ ክር አላት። በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቻታለሁኮ። አርባ አንድ አልሁ። ሰሞኑን ሰማንያ ሁለት። ለልጄ ነው።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ፊት ነበራት። ብርቱካን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ወንድሟን ብቻዬን የያዝሁባት መሰለኝ።

ከዚያ እመቤት በተረከዜ እንድቆም ጠየቀችኝ። የቀኙ እግሬ ጣት ተነሣ። የግራው አልተነሣም። ከዚህ እግር ጫማ ይወልቃል እንዴ፣ ከመች ጀምሮ አለች። ትናንት አልሁ። ሽንቴን ጠየቀችኝ፣ እሱ ደህና ነው። ወዲያው ወረቀት ጻፈች። ስድስት ሳምንት መጠበቅ ቀርቷል፣ ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነሥቼ የአከርካሪ ሐኪም ይየኝ።

የካቲት 8

ብርቱካን ለአባቷ ነገረችው። ሙላቴ ብዙ አይናገርም። በሬዎቹን አስገብቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"አንዱን እንኳ ሳልቀብር ቀርቻለሁ። አንቺን ልቅበር?"

ይህንን ብቻ ብሎ ወጣ። እራቱን ሳይበላ ተኛ። ሰላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሲናገር አልሰማሁም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ባሕር ዳር። የማሽኑ ጩኸት ለጉድ ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤት። ሐኪሙ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው አሉ። ሽበት ጀምሮታል። ሥዕሉን በመብራት ላይ አሳየኝ። ትራሱ ሾልኮ ነርቩ ላይ ተቀምጧል። እኔም አየሁት፣ ጥቁር ነገር፣ ባቄላ የሚያህል። ይህች ናት እንዴ?

ያለውን መንገድ ሁሉ ነገረኝ። መርፌው ሕመሙን ያበርድ ይሆናል፣ እግሩን ግን አይመልስም። እንዲሁ ብተወው እግሬ እንደ ሰነፈ ሊቀር ይችላል። የድሮው ቀዶ ጥገና ጀርባን በሰፊው ይከፍት ነበር፣ የኔን ግን በትንሽ ቀዳዳ ይሠሩታል። ጥፍር በምታህል ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ እያጎሉ እያዩ፣ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ብቻ ያወጣሉ። ጡንቻው ብዙ አይጎዳም። በማግስቱ ቆሜ እሄዳለሁ። አደጋም አለው አለ፣ አልደበቀኝም። ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ተመልሶ ሊሾልክ ይችላል፣ የደነዘዘው ሁሉም ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄ አለዎት አለኝ።

"መስገድ እችላለሁ?"

"ለሁለት ወር ማጎንበስ የለም።"

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ስቅለት አለ አልሁት። ወረቀቱን አጣጠፈ። "ስቅለት ለከርሞም አለ፣ እናቴ። ይህ ነርቭ ግን አይጠብቅም።"

አስቤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ብርቱካን እስከ ወረታ ድረስ አላናገረችኝም። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች፣ እንደ ልጅነቷ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

መምሬ ይርጋ ጋ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። አርባ አንዱን፣ ከአርባው በኋላ አለማቆሜን፣ ሰማንያ ሁለቱን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ያላዘዝሁሽን ቀኖና ማን ሰጠሽ?"

ማንም አልሁ። እናት ነኝ አልሁ።

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ጥላዬን እኔ ነኝ ያጠመቅሁት። በየቅዳሴው ስሙን አነሣለሁ። ለሞተ ሰው ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ናት የምትጸልየው። አንቺ ግን ልጁን ከሁላችን ደብቀሽ ብቻሽን ተሸከምሽው። ለዚህ ነው ወገብሽ ያልቻለው።"

አለቀስሁ። ቀኖና ይስጡኝ አልሁ።

"ታከሚ። ቀኖናሽ እሱ ነው።"

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ነገ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ይዤአለሁ። ሙላቴ ሌላ ሰው በሬዎቹን አያውቅም እያለ ቀርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ አየሁት፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ። በሬዎቹስ ስለው ከድጃ ጋ አሉ አለኝ። ከድጃ ደግሞ በሬ ፈሪ ናት። ምን ትሆን ይሆን…

እፈራለሁ? አዎ። ማደንዘዣውን እፈራለሁ። ቢላውንስ አላየውም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጽሑፌ ተጣሟል፣ ተኝቼ ነው።

በሕይወት አለሁ። ትናንት በሁለት ሰው ተደግፌ እስከ መስኮቱ ሄድሁ። ቁስሉ ትንሽ ፕላስተር ነው። ሙላቴ አየውና፣ ይህን ያህል መንገድ መጥተን ይህችን ነው የቀደዱት አለ። ቅር አለው መሰለኝ።

ኤሌክትሪኩ የለም። እግሬ ጸጥ ብሏል። ስነቃ መጀመሪያ ፈለግሁት… ከመርዶው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ሳይለየኝ የነበረ ነገር ነው። ሲጠፋ ጥላዬም አብሮ የሄደ መሰለኝ። ስልኬን አንሥቼ ድምፁን ከፈትሁት። "እማ፣ አረንጓዴዋን…" አለ። አለ። በሕመሙ ውስጥ አልነበረም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

የግራው አውራ ጣቴ ዛሬ ተነሣ። ሙሉ አይደለም፣ ግን ተነሣ። እመቤት ቤት ድረስ መጥታ አየችውና ጣቴን ጨበጠችው፣ እንደ እንግዳ ሰው እጅ።

ቁጥር 2። አንዳንዴ 1።

ሙላቴ ወጥ ይሠራል። ማንም እንዳያየው በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው። ዛሬ ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረበት። ጣፋጭ ነው ብዬ በላሁ። ደግሞ ጨመረልኝ።

መስገድ አልቻልሁም። ጠዋት ስነሣ ሰውነቴ ወደ መሬት ይሳባል። ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ይበቃዋል? ይበቃው ይሆን…

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ይህን የምጽፈው ገና ሳይመሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ ነው።

ብርቱካንና ሙላቴ ይዘውኝ ሄዱ። ከጽዱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ እግዚኦ እያለ ሲወድቅና ሲነሣ እኔ ብቻ እንደ ግንድ ቆሜ… መጀመሪያ አፈርሁ። ከዚያ ብርቱካንን አየኋት። ስትሰግድ ከንፈሯ የወንድሟን ስም ይላል። ሙላቴም ሰገደ። ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ቁጥሩ ይጠፋበታል። በጠፋበት ቁጥር ከአንድ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ከአንድ ሲጀምር ሰማሁት። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ጥላዬ ሰባት ዓመቱ ሳለ እዚሁ አጠገቤ ይሰግድ ነበር። አምስተኛው ላይ ወድቆ ሳይነሣ ቀረ። ደንግጬ ገለበጥሁት። እንቅልፍ ወስዶታል። አፈር ግንባሩ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ። ያን ዕለት እሱን በጀርባዬ አዝዬ የቀረውን ሰገድሁ። ምንም አልከበደኝም ነበር።

መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ወይራ ይዘው ወደቆሙት ካህናት ተሰለፈ። ጀርባውን እየተነካ የሚሰግደው ቁጥር ይነገረዋል። እኔም ተሰለፍሁ። መምሬ ይርጋ ሲያዩኝ ቅጠሉን ትከሻዬ ላይ ብቻ አሳረፉት። ጀርባዬን አልነኩም።

"ላንቺ ስግደት የለም። ለልጅሽ ከሰው ጸሎት ለምኚለት። የሰፉት ወገብሽን ነው፣ አፍሽን አይደለም።"

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔም። ከዚያ ዞር ብዬ ለመንኋቸው። እነዚያኑ የሳቁትን። ጥላዬ የሚባል ልጅ ነበረኝ፣ ቆላ ቀረ፣ ስትሰግዱ አንዲቷን ለሱ አድርጉልኝ አልኋቸው። ይህን ቃል በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ አወጣሁት። አንዷ ስሙን ደግመሽ ንገሪኝ አለችኝ። የሷም ልጅ ቆላ ነው።

ከድጃ ደጇ ላይ ነበረች። እሷንም ለመንኋት። በወንበሯ ላይ ተመቻቸችና፣ "ከረመዳን ጀምሮ ዱዓ እያደረግሁለት ነው፣ አሁን ነው የምትለምኚኝ?" አለችኝ።

እኔ ነበርሁ የማላውቀው።

ይህ ደብተር የራሴ ነበር፣ ከትራሴ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ብርቱካን ታንብበው፣ የብርቱካን ልጆችም፣ የሚመጣ እንግዳም። ያገኛችሁት ሁሉ፣ እኔ አሁን ማጎንበስ አልችልም። ወገባችሁ ደህና ከሆነ አንዲት ስግደት ስጡልኝ። ካመማችሁ ግን እባካችሁ እንደኔ አትደብቁት፣ ታከሙ፣ ቆማችሁም ተቀምጣችሁም ነፍሱን ማርለት በሉልኝ። ድመቷ ላይ የዋሸውንም ማርለት በሉ።

ጥላዬ ሙላቴ ይባላል። በጸሎት ስታስቡት በክርስትና ስሙ ጥሩት፣ ወልደ ሚካኤል።